ኮዱ ክፍት ነው፣ ውሳኔውስ?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ከጅማ ነው። ዛሬ እንግዳ የለኝም። የማነሳው አዲስ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር፣ ሲጀመር ማን ይወስናል፣ የት ይወስናል፣ ውጭ ያለው ሰውስ በምን ያውቃል የሚለውን ነው።

ምሳሌ እንያዝ። የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ገበሬው ያመጣውን እሸት ቡና መዝነው በስልክ የሚመዘግቡበት አፕ አለ እንበል። አራት ልጆች ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ካፌ ተሰብስበው ጀመሩት፣ ኮዱንም ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ለቀቁት። አፑ ሙሉ ኪሎ ብቻ ነው የሚቀበለው። አጋሮ ያለ አንድ ልጅ 12.3 ኪሎም እንዲገባ አስተካክሎ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ይህን ለውጥ ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ፣ ላከ። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ተነጋግረንበታል፣ አንቀበለውም» ተብሎ ተዘጋበት። የት ነው የተነጋገሩት? ካፌው ውስጥ፣ ወይ ቴሌግራም ላይ። ምክንያት አጥተው አይደለም። ክብደቱ በነጥብ ቁጥር፣ 12.3 ተብሎ፣ ከተያዘ ኮምፒውተሩ 0.1ን እና 0.2ን ደምሮ ልክ 0.3 አይሰጥም፤ ጥቃቅኑ ስህተት ሲጠራቀም ድምሩ ከደረሰኙ ጋር አልገጥም ይላል። በግራም፣ 12300 ብሎ መያዝ ይሻላል ብለዋል። ጥሩ ምክንያት ነው፣ ግን የትም አልተጻፈም። የአጋሮው ልጅ ተቀይሞ ይቀራል፤ ከወር በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ያንኑ ማስተካከያ ይዞ ከች ይላል።

ኮዱን መልቀቅማ ቀላል ነው። የሚከብደው «አይሆንም» ያልንበትን ምክንያት ሰው በሚያየው ቦታ ማስቀመጥ ነው። መፍትሔው ብዙ አይደለም፤ ከኮዱ ጎን «ውሳኔዎች» የሚል ፎልደር፣ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ግማሽ ገጽ። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ጥያቄው፣ የታዩት አማራጮች፣ የተወሰነው፣ ምክንያቱ፣ የተቃወመው ሰው ሐሳብ፣ እንደገና የሚታይበት ጊዜ። የተቃዋሚውን ሐሳብ አትዝለሉት። ከዓመት በኋላ ነገሩ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። ካፌ መነጋገር ክልክል አይደለም፤ ግን ያልተጻፈ ነገር እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ቋንቋውም ይታሰብበት፦ ክርክሩ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን፣ ሁለት መስመር ማጠቃለያ ግን በሁለቱም ይጻፍ።

ድምፅ አሰጣጡን ብዙ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን ከሚያስተናግደው ከአፓቼ ፋውንዴሽን መውሰድ ይቻላል። +1 (እደግፋለሁ)፣ 0 (ድምፀ ተአቅቦ) እና −1 (እቃወማለሁ) ነው። የኮድ ለውጥ ላይ −1 ያለ ሰው ቴክኒካዊ ምክንያቱን ካልጻፈ ተቃውሞው አይቆጠርም። አዲስ እትም ለመልቀቅ ደግሞ ቢያንስ ሦስት +1 ያስፈልጋል፣ ደጋፊው ከተቃዋሚው መብለጥ አለበት። ድምፁ በተለምዶ ቢያንስ 72 ሰዓት ክፍት ይሆናል። መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር እኔ ከዚያ አላሳጥረውም፤ እንዲያውም አምስት ቀን ባደርገው ደስ ይለኛል። ሌላ ጣጣ አለ፦ «ማክሰኞ 6 ሰዓት ይዘጋል» ብትሉ ለጅማው ሰው ቀትር ነው፣ ለውጭው ሰው ንጋት። 09:00 ዩቲሲ (የዓለም መደበኛ ሰዓት) ብላችሁ ጻፉት። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር።

ማን ይወስን የሚለው ላይ ሰው ቶሎ ምርጫ፣ ኮሚቴ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ይላል። እኔ በዚህ አልቸኩልም። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ፈጣሪው ጉዶ ቫን ሮሰም እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የመጨረሻው ቃል የእሱ ሆኖ መርቶታል፣ ያንንም ሁሉም ያውቅ ነበር። እሱ ሲለቅ በምርጫ የሚሰየም አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ከአንድ አሠሪ ከሁለት በላይ አባል አይገባም። ይቺ አንቀጽ ለእኛ በጣም ትሆናለች፣ አራቱም መሥራቾች የአንድ ክፍል ልጆች ሲሆኑ በተለይ። ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰው ቢወስን ችግር የለውም፣ ተጽፎ ከሆነ። መጥፎው «እዚህ ሁላችንም እኩል ነን» ተብሎ የይለፍ ቃሉ አንድ ሰው ኪስ ሲገኝ ነው። ዕድር እንኳ ጎረቤት ለጎረቤት ሆኖ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ፣ መተዳደሪያ ደንብም አለው።

ይለፍ ቃል ካነሳን አይቀር፦ የዶሜይኑ፣ የሰርቨሩ፣ የጊትሃቡ ባለቤትነት ቢያንስ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፣ ማን ምን እንደያዘ ለሁሉም ይታወቅ። ምስጢሩ ራሱ ሳይሆን ስሙ። ከሁሉም የሚያሳስበው የአንድሮይድ መፈረሚያ ቁልፍ ነው፤ አዲሱ እትም ከእናንተ መምጣቱን ለስልኩ የሚያረጋግጠው ምስጢራዊ ፋይል። ራሳችሁ የያዛችሁት ቁልፍ ከጠፋ አዲሱ እትም በአሮጌው ላይ አይጫንም፤ ተጠቃሚው አጥፍቶ እንደገና መጫን አለበት። ኔትወርክ ያላገኘ የምዝገባ ሠራተኛ ገና ወደ ሰርቨር ያልላከው የቀን ምዝገባ አብሮ ይጠፋል ማለት ነው። ገንዘብ ካለ በየወሩ ገቢና ወጪው በብር ይለጠፍ፤ በዚህ ብዙ አልቆይም።

ሁሉም ነገር ግን አደባባይ አይወጣም። ስህተት ሲያሳውቅ ስክሪንሾት የሚያያይዝ ሰው የገበሬውን ስምና ስልክ አብሮ ይልካል፤ ጊት (የኮዱን ለውጥ ሁሉ የሚመዘግበው መሣሪያ) ውስጥ አንዴ የገባ ነገር ደግሞ ቢሰረዝም ታሪኩ ውስጥ ይቀራል። የደኅንነት ቀዳዳም በግል ይነገር፣ ማን እንደሚቀበለውና በስንት ቀን እንደሚመልስ ግን በግልጽ ይጻፍ። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ የሆነው ሁሉ ይወጣል።

መብት ለሌላ ሰው ማስረከብን በተመለከተ ኤክስዚ የሚባለው የፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር ነገር መታወስ አለበት። «ጂያ ታን» የሚል ስም የያዘ ሰው ሁለት ዓመት ገደማ በትጋት አገለገለ፤ ማንነታቸው የማይታወቅ ሌሎች ደግሞ የደከመውን ሜንቴይነር (የፕሮጀክቱን ተንከባካቢ) «አላፈጠንክም፣ ለሌላ ስጥ» እያሉ ወጠሩት። መብቱ ለጂያ ታን ተሰጠ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) እትም 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም ሰርጎ መግቢያ፣ ገባ፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ በኤስኤስኤች (ከርቀት ኮምፒውተር ውስጥ መግቢያ መንገድ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ለምን ይዘገያል ብሎ ሲመረምር አገኘው። የሚገርመው፣ ጥቃቱን የሚያስነሳው ስክሪፕት ጊት ላይ በሚታየው ኮድ ውስጥ አልነበረም፤ ሰው በሚያወርደው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ ኮድ የማስገባት መብትና እትም የመልቀቅ መብት ለየብቻ ይሰጡ፤ ለሁለተኛው ሁለት ሰው ይስማማ። አፑን ከአንድ ልጅ ላፕቶፕ አትልቀቁት፤ አደባባይ ካለው ኮድ ማሽን ይገንባው፣ ሃሹም (ፋይሉ አለመነካካቱን ማረጋገጫ አሻራው) ከእትሙ ጋር ይለጠፍ። ስድስት ወር ድምፁ የጠፋ ሰው መብቱ ይነሳል፣ ስሙ ከባለውለታዎቹ ጋር ይቆያል፣ ሲመለስ ይመለስለታል። ይሄም ሰውየው ከመጥፋቱ በፊት መጻፍ አለበት፤ በኋላ ሲጻፍ እሱን ለማባረር ነው ይባላል።

በሉ፣ ቸር ሰንብቱ።