ወደ ፈረንሳይኛ በገዛ በራችን

ጅማ ውስጥ የጀማሪዎች የፈረንሳይኛ ትምህርት ሲከፈት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ከሥራችሁ ሰዓት ቆርሳችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤

እንደምን አደራችሁ? አካም ቡልተን?

ሁለቱም ሰላምታዎቻችን ስለ ሌሊቱ ይጠይቃሉ። ክፍል ስትገቡ የምትማሩት የመጀመሪያ ቃል «ቦንዡር» ግን አይጠይቅም፤ መልካም ቀን ተመኝቶ ያልፋል። አጭር ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ፈረንሳይ አገር ሱቅ ገብቶ «ቦንዡር» ሳይሉ ዕቃ መጠየቅ እንደ ነውር ይታያል። እኛም ዘንድ ሰላም ሳይል ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሰው ያሳደገው የለም ይባላል። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቃል ከማታውቁት አገር ሰው ጋር በአንድ ነገር ትስማማላችሁ ማለት ነው።

አጋሮ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ፈረንሳይኛ የጀመርሁት ከዚህ ርቄ በአንድ ትምህርት ቤት ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ የግሥ ሠንጠረዥ ገለበጥን፤ ከሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ፈተና ወረቀት። ማብራሪያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ጥሩ ውጤት አገኘሁ፤ ውሃ ስጡኝ ማለት ግን አልችልም ነበር። መምህራችን ክፉ አስበው አይደለም፤ እርሳቸውም የተማሩት እንደዚያ ነው። ቢሆንም ያ ዓመት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ዛሬ የምለምናችሁ ነገር ከዚያ ቁጭት የመጣ ነው፦ ወደ ፈረንሳይኛ በእንግሊዝኛ በር አትግቡ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በር ግቡ።

ምክንያቴን በአንድ ቃል ልጀምር፤ በናፍቆት። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ለእናቱ ናፍቆቱን ሲገልጽ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ራሱ ነው፤ እናቱ ተሳቢ ትሆናለች። ፈረንሳይኛ «ቱ ም ማንክ» ይላል። እዚህ ባለቤቱ የራቀው ሰው ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ «አንቺ ትጎድይኛለሽ» እንደ ማለት ነው። ይህ አነጋገር የእንግሊዝኛ ተናጋሪውን ያስቸግረዋል፤ የተገለበጠ ይመስለዋል። እናንተ ግን ከዶርም ወደ ቤት ደውላችሁ «እማዬ፣ ናፍቀሽኛል» ያላችሁ ዕለት አውቃችሁታል። ቃሉን ፈትታችሁ እዩት። «ሽ» እርሷ ናት፤ «ኝ» እኔ ነኝ። አድራጊዋ እርሷ፣ የሚደረግበት እኔ። ፈረንሳይኛውም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ተማሪ ግን ቀጥ ያለውን መንገድ መጀመሪያ ያጣምመዋል፤ ከዚያ መልሶ ለማቅናት ይደክማል።

ሁለተኛው ምሳሌ የጅማ ልጆችን የበለጠ ይመለከታል። «ቩ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ሁለት ሥራ አለው። ብዙ ሰዎችን ስናነጋግር «እናንተ» ነው፤ አንድን የሚከበር ሰው ስናነጋግር «እርስዎ» ነው። አማርኛ ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል ስላለው በአማርኛ ብቻ ያደገ ተማሪ ለጊዜው ይደናገር ይሆናል። በአፋን ኦሮሞ ያደገው ግን አንድ አዛውንትንም ሦስት ጓደኞቹንም «ኢሲን» ብሎ ያነጋግራል። ግሡንም በብዙ ቁጥር ያስኬደዋል። ፈረንሳይኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ በአማርኛ አፍ የፈታው ከኦሮሞ ጓደኛው አጠገብ ይቀመጥ። እዚህ ላይ አስተማሪው ጓደኛው ነው።

ድምፁም እንደዚሁ ነው። ፈረንሳይኛ «እኔ» ሲል «ዠ» ይላል። «ዠ» በፊደል ገበታችን ላይ ከ«ዘ» ቀጥላ ከልጅነታችን ጀምሮ አለች። ተራራን «ሞንታኝ» ይላሉ፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» የእኛው «ኝ» ናት፤ በአፋን ኦሮሞው ፊደል በቁቤም «ኝ» አለች። እነዚህን ለመማር አንድ ደቂቃ እንኳ ማባከን የለባችሁም።

አሁን ደግሞ የራሳችን ቋንቋ ስለሚያሳስተን ቦታ ልናገር። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ይዞራል። «መጣሁ» ካልሁ «እኔ» ማለት አያስፈልገኝም። ፈረንሳይኛ ላይ ይህ ልማድ ይጥላል። «እናገራለሁ»፣ «ትናገራለህ»፣ «ይናገራል»፣ «ይናገራሉ» የሚሉት አራቱ በጽሑፍ ይለያያሉ፤ በጆሮ ግን አራቱም «ፓርል» ናቸው። ጆሮ የሚለያቸው ከፊት በተቀመጠው ቃል ብቻ ነው፤ «ዠ ፓርል»፣ «ቱ ፓርል»፣ «ኢል ፓርል»። የመጨረሻውም ቢሆን «እርሱ» ይሁን «እነርሱ» ከወሬው ነው የሚታወቀው። ያን ትንሽ ቃል የዋጠ ተማሪ ማን እንደሚናገር ሳይነግረን ይቀራል። በሦስት ወር ውስጥ ሁላችሁም ትውጧታላችሁ። ጓደኞቻችሁ ያስታውሷችሁ።

ጾታም አለ። ብዙ ሰው «ፈረንሳይኛ ከባድ ነው፤ ወንበር ወንድ ነው ሴት?» እያለ ያማርራል። እኛ ግን ለዕቃ ጾታ መስጠትን ከማንም በላይ እናውቃለን። ችግራችን ሌላ ነው። አማርኛ ላይ ጾታውን ተናጋሪው ይመርጣል። ቡና ስናፈላ የተሰበረችውን ሲኒ «ሲኒዋ ተሰበረች» እንላለን፤ ተናድደን ከሆነ «ሲኒው ተሰበረ» እንላለን፤ ሁለቱም ያስኬዳል። ትንሿንና የምንወዳትን ነገር አንስታይ እናደርጋታለን፤ ግዙፉን ተባዕት። ፈረንሳይኛ ይህን ነፃነት አይሰጥም። ሲኒ ትሁን ትልቅ ኩባያ፣ ብትወዷትም ብትጠሏትም «ላ ታስ» አንስታይ ናት። ቡናው ራሱ «ለ ካፌ» ሁልጊዜ ተባዕት ነው። «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፤ እነርሱ ዘንድ ፀሐይ ወንድ ነው። ስለዚህ ስም ስታጠኑ «ለ» ወይም «ላ» የምትለዋን ትንሽ ቃል እንደ አባት ስም አብራችሁ ያዙ። ብቻውን የተጠና ስም ግማሽ ነው።

ስለ ፊደል አንድ ነገር ልለምናችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቃሉ ጎን አነባበቡን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ያምራችኋል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ያስከፈለኝንም ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ጅቡቲ ውስጥ አንድ እንግዳ ማረፊያ አርፌ ነበር። የቤቱ ባለቤት ለጉዳይ ሲወጡ የክፍሌ ቁልፍ በረንዳው ላይ ካለው ሣጥን ሥር መሆኑን ነገሩኝ። «ደሱ» አሉ። በደብተሬ ላይ «ደሱ» ብዬ የጻፍሁት «ከላይ» ማለት ነበር። ስመለስ የሣጥኑን ላይ ፈለግሁ፣ ጎኑን ዳበስሁ፣ ምንም የለም። በዚያ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ሲመጡ ሣጥኑን ብድግ አድርገው ቁልፉን ሰጡኝ። ፈረንሳይኛ ላይ «ከላይ» እና «ከታች» የሚሉት ቃላት የሚለያዩት በአንድ አናባቢ ነው። ያ አናባቢ ደግሞ በፊደላችን ውስጥ የለም። ሁለቱንም ብንጽፋቸው «ደሱ» ናቸው። «ጎዳና» እና «ጎማ» የሚሉትም እንዲሁ፤ ሁለቱም «ሩ» ሆነው ይቀራሉ።

«ቦንዡር» ራሱ ብታዩት በፊደል ሲጻፍ «ን» አለው፤ ስናነበው ምላሳችን የላይ ጥርሳችንን ይነካል። ፈረንሳዮቹ ምላሳቸውን ከምንም አያስነኩም፤ «ኦ» ን በአፍንጫ ጭምር ያሰሙታል፣ በቃ። ፊደላችንን እወደዋለሁ፤ የራሱን ቋንቋዎች ድምፅ ጠንቅቆ ይጽፋል። ያልተሠራበትን ሥራ ግን አናሸክመው። ጆሯችሁን አሠልጥኑ።

የፈረንሳይኛ አጻጻፍ ግራ የሚያጋባ ቢመስልም ሥርዓት አለው፤ ይህንንም ከጎረቤታችን መማር ይቻላል። ጅቡቲ በላቲን ፊደል ስትጻፍ ለምን በ«ዲ» እንደምትጀምር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ለፈረንሳዮች «ጄ» የሚባለው ፊደል ብቻውን «ዠ» ነው። «ጅ» ለማለት ከፊቱ «ዲ» መጨመር አለባቸው። ቻድን በ«ቲ» የሚጀምሩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያለ «ቲ» «ሻድ» ይሆንባቸዋል። የእኛዋን ጅማም በድሮ የፈረንሳይኛ መጻሕፍት ውስጥ ስትፈልጉ በ«ዲ» ፈልጉ።

ይህን የምለው እንዲሁ አይደለም፤ ብትፈልጉ ታገኟታላችሁ። አንቷን ዳባዲ የሚባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ በ1843 እ.ኤ.አ. እናርያ፣ የዛሬው ሊሙ ድረስ መጥቶ ነበር፤ የሊሙው ንጉሥ አባ ባጊቦ ዘመን ነው። ኋላም በ1881 የአማርኛን ቃላት በፈረንሳይኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። ዡል ቦሬሊ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ደግሞ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን እዚችው ጅማ ደርሶ የጉዞ ማስታወሻውን በ1890 ፓሪስ ላይ አሳተመ። ከዚህ ሆነን ቀና ብንል ጂሬን ይታየናል፤ ከ1878 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገዙት የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። የዚያን ዘመን ጅማ ያየ ሰው የጻፈው ግን ለብዙዎቻችን የተዘጋ ነው፤ ስለ አያቶቻችን የተጻፈውን ለማንበብ ሌላ ሰው እንዲያነብልን እንጠብቃለን። ተጓዦቹ ያዩትን ሁሉ በትክክል አዩት አልልም። የውጭ ሰው ዓይን ብዙ ይስታል፤ የሰማውንም እንደ ገባው ይጽፋል። የሳቱትን ለማረም ግን ማንበብ መቻል አለብን። ስሕተቱን ለይቶ ማወቅ የሚችለው ጊቤን የሚያውቅ፣ አፋን ኦሮሞ የሚሰማ፣ ቤተሰቡ ዘንድ የቆየውን ወግ ይዞ ያደገ ሰው ነው። እናንተ ናችሁ ማለት ነው። የታሪክ ተማሪዎች፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የምናገረው።

ስለ ሥራ ዕድል ብዙ አልናገርም፤ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ቡናችን መርከብ የሚሳፈርባት ጅቡቲ ፈረንሳይኛን ከዓረብኛ ጋር ይፋዊ ቋንቋ አድርጋለች። የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ ፈረንሳይኛ ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በ1971 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ፈረንሳይ ውስጥ ነው፤ የጤና ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ። ቋንቋው ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ ከጣልያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ዋናው የውጭ ቋንቋ እርሱ ነበር። ባቡሩም ቃላት አምጥቶልናል። «ለገሃር» ስትሉ «ላ ጋር» ማለታችሁ ነው፤ «ጣቢያው» ማለት ነው። «ቢሮ» ብላችሁ የምትገቡበትም ቃሉ ከዚያው የመጣ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንት ትማራላችሁ፤ 48 ሰዓት ነው። ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ማለት ነው። በሁለት ቀን ቋንቋ የተማረ ሰው አላውቅም። ስለዚህ ክፍሉ መንገድ ማሳያ ነው፤ ንግግሩ አዌቱ ወንዝ ዳር ስትሄዱ፣ ካፌ ስትቀመጡ፣ ልብስ ስታጥቡ ይሁን። ሻይ የሚቀዳላችሁን ልጅ በአማርኛ አመስግኑት፤ እርስ በርሳችሁ ግን «መርሲ» ተባባሉ። ዴልፍ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ፈተና የመጀመሪያ ደረጃ መውሰድ የምትፈልጉ ካላችሁ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር እያንዳንዳቸው 25 ነጥብ አላቸው፤ ለማለፍ ከ100 ቢያንስ 50 ማምጣት፣ በአንዳቸውም ከ5 በታች አለመውረድ ያስፈልጋል። ግማሹ ፈተና በጆሮና በአፍ ነው። እኔ በዚያ ዓመት ያጣሁት ይህን ግማሽ ነው።

ቁጥር ላይ ትንሽ ትዕግሥት ያስፈልጋችኋል። ሰባ «ስድሳ አስር» ነው፤ ሰማንያ «አራት ሃያ»፤ ዘጠና ሰባት «አራት ሃያ አስር ሰባት»። ፈረንሳዮች ስልክ ቁጥር ሁለት ሁለት አድርገው ስለሚናገሩ እነዚህ በየጊዜው ይመጣሉ። የየራሳችሁን ስልክ ቁጥር በፈረንሳይኛ እስኪለምዳችሁ ድረስ በሉት፤ ሌላው ይከተላል።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ደብተር ባትይዙ ግድ የለም። የኪስ መስታወት ግን ይዛችሁ ኑ፤ ከንፈራችሁን የምታዩበት። በ«ከላይ» እና በ«ከታች» መካከል ያለውን ያን አናባቢ እኔ ያገኘሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ በመስታወት ፊት ነው፤ እናንተ እስከ ማክሰኞ እንድትጠብቁ አልፈልግም።

እስቲ ወላጆችም ጭምር ተነሡ። «ኢ» በሉ፤ ድምፁን ያዙት። ምላሳችሁ ከቦታው እንዳይነቃነቅ። አሁን ከንፈራችሁን ብቻ «ኡ» ለማለት እንደምታደርጉት አሹሉት። አንድ ጊዜ እንደገና፤ ሁላችንም አብረን።