የትኛው ድራይቭ ነው? ስለ ሲዲ፣ ስለ ሰርቨርና ስለ ቆዩ ፋይሎቻችን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ናችሁ? ከደብረ ብርሃን ነው የማወራችሁ። የዛሬው ርዕስ ሲዲና ዲቪዲ ነው። ያውም ሰርቨር ላይ። ሊነክስ ወይም ሌላ የዩኒክስ ዓይነት ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ማሽን ላይ የዲስክ ማንበቢያውን እንዴት እንለያለን? እንዴትስ ማውንት እናደርጋለን፣ ማለትም ዲስኩን ከአንድ ፎልደር ጋር አገናኝተን ፋይሎቹን እናያለን?

«በዚህ ዘመን ሲዲ ማን ይዞ ይዞራል?» የምትሉ አትጠፉም። እዚህ ሰሜን ሸዋ ግን ብዙ ነገራችን አሁንም ሲዲ ላይ ነው። የሰርግ ቪዲዮ አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። የመሥሪያ ቤት መዝገብ አለ። ያረፉ አባቶች ድምፅ አለ። ሁሉም መሳቢያ ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ማንበቢያ ይዘው መምጣት ካቆሙ ቆዩ። እኔ በማውቃቸው ቢሮዎች ማንበቢያ የቀረው ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ዲስኩን የያዘ ሰው ሁሉ መጨረሻው ሰርቨር ክፍል ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ማውንት ከማለታችሁ በፊት ማሽኑን ጠይቁት። በግምት አትሂዱ። ሰርቨር የብዙ ሰው ሥራ የተሸከመ ማሽን ነው።

መጠየቂያው ቀላል ነው። ተርሚናሉ ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት ላይ፣ «ኤልኤስቢኤልኬ» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡ የዲስኮቹ ዝርዝር ይመጣል። ዓይነቱ ላይ «ሮም» ከተጻፈ ኦፕቲካል ድራይቭ፣ ማለትም የሲዲና የዲቪዲ ማንበቢያ ነው። ስሙ አብዛኛውን ጊዜ ኤስአር ዜሮ ነው። መጠኑ ላይ 1024 ሜጋ ባይት ካያችሁ፣ እንደዚያ የሚያህል ዲስክ ገብቷል ማለት አይደለም። ድራይቩ ባዶ ሲሆን የሚታየው ቁጥር ነው። የሞላ ሲዲ ሲገባ ወደ 700 ይሆናል። የሞላ ዲቪዲ ደግሞ ማሸጊያው 4.7 ጊጋ ቢልም ማሽኑ 4.4 ይላችኋል። በሺህ ሳይሆን በ1024 እያባዛ ስለሚቆጥር ነው፤ የጎደለ ነገር የለም።

ሰርቨር ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ሰርቨሮች ከርቀት የሚቆጣጠሩበት የራሳቸው ትንሽ ኮምፒውተር አላቸው። እሱ ደግሞ የሌለ ሲዲ ድራይቭ ፈጥሮ ለሲስተሙ ያቀርባል። ስለዚህ ኤስአር ዜሮ ያ የማይጨበጠው፣ ኤስአር አንድ ደግሞ ፊት ለፊት የምታዩት እውነተኛው ድራይቭ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ዲስኩን በትክክል አስገብቶ «ሚዲያ የለም» ሲባል ግራ ይገባዋል። ድራይቩን ተበላሽቷል ብሎ ይፈታዋል! እባካችሁ አትፍቱት። «ኤልኤስስካዚ» (ሲጻፍ ኤልኤስኤስሲኤስአይ) በሉና የአምራቹንና የሞዴሉን ስም አንብቡ። የማይጨበጠው ብዙ ጊዜ «ቨርቹዋል» የሚል ቃል ይዞ ይወጣል።

ቁጥሩንም አትመኑት። ቁጥሩ የሚሰጠው ድራይቮቹ በተገኙበት ቅደም ተከተል ነው። የዩኤስቢ ድራይቭ ሰክታችሁ ማሽኑ ቢነሣ ሊለዋወጥ ይችላል። ዴቭ፣ ዲስክ፣ ባይ-አይዲ የሚለው ፎልደር ውስጥ ግን ድራይቩ በሞዴል ስሙ ተመዝግቦ ይገኛል። እሱ አይዋዥቅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥርጣሬ ካለባችሁ «ኢጀክት» ብላችሁ የድራይቩን ስም ጨምሩበት። የትኛው ትሪ ተከፈተ? እሱ ነው። እኔ ይሄን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ። በዓይናችሁ ያያችሁትን ማንም አይከራከራችሁም።

ሌላ ዩኒክስ ላይ ስሙ ይለያል። ፍሪቢኤስዲ ላይ ሲዲ ዜሮ ነው፤ በ«ካምኮንትሮል ዴቭሊስት» ይታያል። ኤአይኤክስ ላይም ስሙ ሲዲ ዜሮ ሆኖ መጠየቂያው «ኤልኤስዴቭ» ነው። ሐሳቡ ግን ያው ነው።

በነገራችን ላይ፣ እኛ ደጋ ላይ ነን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው። ጣርማ በር ላይ ስትወጡ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። የተለመደው ሃርድ ዲስክ ጭንቅላቱ በቀጭን አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ብዙዎቹ አምራቾች እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ብቻ ብለው ገደብ ያስቀምጣሉ። ሲዲ ማንበቢያ እንዲህ ያለ የአየር ትራስ አያስፈልገውም። በሌዘር ነው የሚያነበው። የእኛ ችግር ብርዱ ነው። ሌሊቱን ቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ዲስክ ሞቅ ያለ ሰርቨር ክፍል ሲገባ ጤዛ ይይዛል። ትንሽ አቆዩት። ሙቀቱን ይልመድና አስገቡት።

ሲዲን ስትይዙም የጽሑፉን ፊት ተጠንቀቁ። ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው። መረጃው ያለው ግን ከጽሑፉ ፊት ሥር፣ በስስ ሽፋን ብቻ ተጋርዶ ነው። በሹል እስክሪብቶ ስም ከጻፋችሁበት ከላይ በኩል ወጋችሁት ማለት ነው።

እሺ፣ ወደ ማውንቱ። መጀመሪያ «ብሎክአይዲ» (ሲጻፍ ቢኤልኬአይዲ) በሉ። የፋይል ሲስተሙን፣ ማለትም ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ የተደራጁበትን ሥርዓት ዓይነት ይነግራችኋል። ወይ አይሶ9660 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ደረጃ። ወይ ዩዲኤፍ ነው፣ ዲቪዲ ላይ የሚበዛው። ከዚያ ባዶ ፎልደር ሠርታችሁ «ማውንት፣ ሰረዝ ኦ አርኦ» ብላችሁ፣ ድራይቩንና ፎልደሩን ትጽፋላችሁ። አርኦ ማለት ለማንበብ ብቻ ነው። እሱን ብትተዉት «መጻፍ ተከልክሏል፣ ለማንበብ ብቻ ተከፍቷል» የሚል መልእክት ይመጣል። አትደንግጡ፣ ጤነኛ ነው።

አንድ የድጓ መምህር ከመንዝ ወገን መጥተው አንድ ሲዲ ሰጡኝ። «ልጄ፣ የመምህሬ ዜማ ነው። ከተማ ውስጥ ያልሞከርኩት ቤት የለም። ባዶ ነው ይሉኛል» አሉ። አስገባሁት። ብሎክአይዲ ዝም አለ። ማውንትም «የተሳሳተ ፋይል ሲስተም» አለ። እሳቸው ፊቴን ፊቴን ያያሉ። እኔ ግን ደስ አለኝ። «የኔታ፣ ባዶ አይደለም። የድምፅ ሲዲ ነው» አልኳቸው። የድምፅ ሲዲ ፋይል ሲስተም የለውም። ፋይልም ፎልደርም የለም። በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ድምፅ ብቻ በተርታ ተቀምጦበታል። ስለዚህ ማውንት አይደረግም። «ሲዲፓራኖያ» በሚባል ፕሮግራም ትራክ በትራክ ይወጣል። የመጀመሪያውን ትራክ አውጥቼ ከፈትኩላቸው። የኔታ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ። እስኪያልቅ አልተቀመጡም።

ማውንት አልሆነም ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም። ይሄን የምደጋግመው ስንቱ ዲስክ በዚህ ምክንያት እንደተጣለ ሳስበው ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ማውንት ከሆነ በኋላ ደግሞ የስም ችግር ይመጣል። ጆሌት የሚባለው ተጨማሪ ደረጃ ያለበት ዲስክ የፊደላችንን ስም መያዝ ይችላል። ስሙ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ከታያችሁ «አይኦቻርሴት እኩል ይሆናል ዩቲኤፍ8» የሚለውን ጨምራችሁ እንደገና ማውንት አድርጉት። የድሮ ሰነዶች ግን ብዙዎቹ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፉ ናቸው። ስትከፍቷቸው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው የምታዩት። ፋይሉ አልተበላሸም። ፎንቱን ጫኑለት፣ አማርኛው ይመጣል።

ከዚያ ወዲያውኑ ቅጂ አውጡ። ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ዲስኩን እንዳለ። ጤነኛ ዲስክ ከሆነ «ዲዲ» የሚባለው የመቅጃ ትእዛዝ ይበቃል። የተጫጫረ ከሆነ «ዲዲሬስኪው» ይሻላል። መጀመሪያ የሚነበበውን ያነብና ወደ አስቸጋሪው በኋላ ይመለሳል። የደረሰበትን የሚመዘግብበት ፋይል ከሰጣችሁት ደግሞ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ለእኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ያወጣችሁትን ቅጂ ያለ ድራይቭ «ሉፕ» በሚለው አማራጭ ማውንት ታደርጉታላችሁ።

ቅጂ ስል የብራና መጻሕፍታችን ትዝ ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከሸዋ አድባራትና ገዳማት ብዙ ብራና ማይክሮፊልም ተነሥቷል። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ድረስ ሄዷል። እዚያ ቁጭ ብለው ካታሎጉን ካዘጋጁት አንዱ የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ያ ሥራ ብራናው ላይ ከተሠራ፣ ሲዲው ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ስትጨርሱ «ዩማውንት» በሉ። ልብ በሉ፣ ከዩ ቀጥሎ ኤን የለም። ማውንት ላይ እያለ ትሪው ቁልፉን ብትጫኑትም አይከፈትም። «ሥራ ላይ ነው» ካለ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ተርሚናል እዚያው ፎልደር ውስጥ ቆሟል ማለት ነው። «ኤልኤስኦኤፍ» ማን እንደያዘው ያሳያችኋል።

ድራይቩን ኤፍኤስታብ ውስጥ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሣ ማውንት የሚደረጉት በሚዘረዘሩበት ፋይል ውስጥ ለማስገባት የምታስቡ ካላችሁ «ኖአውቶ» (በራስህ ማውንት አታድርግ) እና «ኖፌይል» (ባይገኝም ቀጥል) የሚሉትን አትርሱ። አለበለዚያ ሲስተምዲ የሚባለው የማስነሻ ፕሮግራም ያለበት ሰርቨር ያለ ዲስክ ሲነሣ፣ የሌለውን ዲስክ 90 ሰከንድ ጠብቆ ወደ አደጋ ጊዜ ሁነታ ይወድቃል። ጠዋት ቢሮው በሙሉ እናንተን ይጠብቃል።

አልከፍት ያላችሁ ዲስክ ካለ ማሽኑ ያወጣውን መልእክት ቃል በቃል ገልብጣችሁ ላኩልኝ። የብሎክአይዲንም መልስ ጨምሩበት። በሚቀጥለው ክፍል አብረን እናያቸዋለን።