ገመድ ላይ የተሰጣ ደብተር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ያቀርብላችኋል። እኔ ያየሁትን አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ጎርፉ ከጎደለ በሦስተኛው ቀን ነው። ጭቃ ለመዛቅ አንድ ቤት ገባን። ግድግዳው ላይ ውኃው የደረሰበት መስመር እስከ ደረቴ ይመጣል። ጓሮ ስንወጣ አንዲት ልጅ ደብተሯን ቅጠል በቅጠል እየፈታች ገመድ ላይ ታሰጣለች። ቀለሙ ተንጠባጥቧል፣ ግን ይነበባል። እያንዳንዷን ወረቀት በልብስ መቆንጠጫ ትይዛለች። ነፋሱ ሲያነሳባት ሮጣ ትመልሳለች። እናቷን «አሁን ይሄ ምን ያደርግላታል?» አልኳት። «ሰኞ ፈተና አለባት» አለችኝ። አፈርኩ።

እስከዚያ ቀን አደጋ ሲመጣ ኑሮ ቀጥ የሚል ይመስለኝ ነበር። አይልም። ልጅ ይርበዋል። የስኳር መድኃኒት ሰዓቱን ይጠብቃል። ምጥም ቀን አይመርጥም። እኛ ደግሞ ብርድ ልብስ አከፋፍለን ስንጨርስ ሥራው ያለቀ ይመስለናል።

የመሬት መንቀጥቀጥን እዩት። ጃፓናዊው ተመራማሪ ፉሳኪቺ ኦሞሪ በ1894 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ከዋናው በኋላ የሚከተሉት ነውጦች ብዛታቸው ቀን በገፋ ቁጥር ይቀንሳል። በግምት በአሥረኛው ቀን የሚመጡት የመጀመሪያው ቀን አንድ አሥረኛ ናቸው። ይቀንሳሉ እንጂ ቶሎ አያባሩም። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ ቀርቶ፣ ትምህርት ተዘግቶ ሜዳ ላይ መኖር አይቻልም። ሰው ወደ ቤቱ መግባቱ የግድ ነው።

ግን መዘናጋትም አለ። በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች አቅራቢያ በመስከረም 2010 እ.ኤ.አ. በሬክተር 7.1 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ከተማዋ ተረፈች። በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. የመጣው 6.3 ነበር። ቁጥሩ አነሰ፤ ነገር ግን ጥልቀት የሌለውና ለከተማዋ የቀረበ ስለነበር 185 ሰው ገደለ። ቀኑ የሥራ ቀን፣ ሰዓቱም የምሳ ሰዓት ነበር። ሰው እንደ ወትሮው ውሎው ላይ ነበር።

ስለዚህ ዝግጅቱም ከውሎው ጋር መኖር አለበት ባይ ነኝ። ከአልጋ ሥር ጫማና ባትሪ ይቀመጥ። የሚጠጣ ውኃ ይጠራቀም። ከባዱ ቁም ሣጥን ከግድግዳው ጋር ይታሰር። መብራት ጠፋ ብሎ ጄኔሬተር ወይም የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ እንዳታቀጣጥሉ ግን አደራ! ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ከአውሎ ነፋስ ተርፈው በዚህ ያለቁ ቤተሰቦች አሉ።

ባንግላዴሽ ልቤን ታሞቀዋለች። በ1970 እ.ኤ.አ. የመጣው አውሎ ነፋስ በትንሹ 300,000 ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ የመንደር በጎ ፈቃደኞች ተደራጁ። ድምፅ ማጉያ ይዘው ቤት ለቤት ያስጠነቅቃሉ። መጠለያም ተሠራ። በ2007 እ.ኤ.አ. ሲድር የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመታ የሞቱት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ያም ቢሆን ከባድ ሐዘን ነው። ግን ልዩነቱን አስቡት። በሩን የሚያንኳኳው ጎረቤት ነው፤ የራሱ ሥራና ልጆች ያሉት ሰው።

ዘንድሮ የምጠይቃችሁም ይኼንኑ ነው። እያንዳንዳችሁ ሦስት ጎረቤት ያዙ። ብቻቸውን የሚኖሩትን፣ መራመድ የማይችሉትን አስቀድሙ።

አጀንዳው ከመጀመሩ በፊት በቀኝና በግራ ያሉትን መውጫ በሮች አንዴ እዩልኝ። አንዳች ነገር ቢፈጠር የምንገናኘው ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ነው። አያችሁ? እሺ፣ ጉባኤው ተከፍቷል።