ሁለተኛው ሊንክ አይሠራም

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ላወራችሁ ነው፤ መነሻዬም አንድ ኢሜይል ነው።

ለአንድ መጽሔት የጽሑፍ ሐሳብ ልኬ ነበር። ኤዲተሯ "እስቲ ከዚህ በፊት ከጻፍካቸው ሦስቱን ላክልኝ" አለችኝ። ፍሪላንስ የሚጽፍ፣ ማለትም ሳይቀጠር በየጽሑፉ የሚከፈለው ሰው ይህን ጥያቄ ለምዶታል። ሦስት ሊንክ ላክሁላት። ትንሽ ቆይታ "ሁለተኛው አይሠራም" ብላ መለሰችልኝ።

እኔም ከፈትኩት። "የፈለጉት ገጽ አልተገኘም" ይላል። ለካ መጽሔቱ ተሽጦ አዲሱ ባለቤት ድረ ገጹን እንደ አዲስ አሠርቶታል፤ የድሮው ጽሑፍ አብሮ አልተሻገረም። ማንም አልነገረኝም። በእጄ የቀረው የመጀመሪያው ረቂቅ ነው፣ እሱም ከነስህተቱ። ከኤዲተሩ ጋር ሁለት ሳምንት የተከራከርንበት የመጨረሻው ቅጂ ግን የትም የለም።

ከዚያ በፊት ወረቀት ላይ የጻፍኩላቸው መጽሔቶች ግማሾቹ ተዘግተዋል። ጽሑፎቼ ግን ካርቶን ውስጥ አሉ። ቢጫ ሆነዋል፣ አንዱን አይጥ ቀምሳዋለች፤ ቢሆንም አሉ።

የወረቀቱን ዘመን ላሞግሰው አይደለም። ያኔም ፍዳችንን አይተናል። ጽሑፍ ሰጥተህ ወራት ትጠብቃለህ። "ሲታተም ይከፈልሃል" ይሉሃል፤ ካልታተመስ? ኤዲተሩ የማያውቅህ ከሆነ ደግሞ ደብዳቤህን የሚከፍትልህም የለም። ዲጂታሉ ያንን በር ከፍቶታል። ብዙ ሰው በዚያ ገብቷል፤ ከእኔ የተሻሉ ጸሐፊዎችም አሉበት።

ክፍያው ላይ ግን እንተዛዘብ። ወረቀት ላይ ቦታ ውስን ነው። 1,200 ቃል ከተባልክ 1,200 ነው፤ ብዙ ቦታ ሒሳቡም በቃል ነበር። የዚያን ገጽ ወጪ የሚችለው በአብዛኛው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ወደ ጉግልና ወደ ፌስቡክ ሲሄድ ገንዘቡም ተከትሎ ሄደ። አሁን ቦታው ገደብ የለውም፤ ገደብ ያለው ክፍያው ነው።

እኔን ከክፍያውም በላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሷል። ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጠራው። በ1993 ጆናታን ታሲኒ የሚባል ፍሪላንስ ጸሐፊ ከሌሎች ጸሐፊዎች ጋር ሆኖ ኒው ዮርክ ታይምስንና ሌሎች አሳታሚዎችን ከሰሰ። ነገሩ ቀላል ነው። "እኛ የሸጥንላችሁ ለወረቀቱ ነው። ለኮምፒውተር ማህደር ስታስተላልፉት መቼ አስፈቀዳችሁን?" ነው ያሉት። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2001 በ7 ለ 2 ድምፅ ተፈረደላቸው። ስምንት ዓመት!

እልል አትበሉ ገና። ከፍርዱ በኋላ ጋዜጣው የፍሪላንሰሮቹን ጽሑፎች ከማህደር ማውጣት ጀመረ። እንዲቆይልህ የምትፈልግ ከሆነ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መብትህን ትተህ ትፈርማለህ። ፍርዱን ያገኙት ጸሐፊዎቹ ናቸው፤ ውሉን የሚያዘጋጁት ግን አሳታሚዎቹ ናቸው። ዛሬ የሚላክልን ውል ላይ "አሁን ባለውም ሆነ ወደፊት በሚፈጠር በማናቸውም ዘዴ" የምትል ሐረግ አትጠፋም። ወደፊት በሚፈጠር! ገና ያልተፈጠረ ነገር ሳይቀር አስፈርመውናል። እኔ ራሴ ስንቴ ፈርሜያለሁ። የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ ሐረግ ማን ያያል?

አንዴ ደግሞ ጽሑፌ ከወጣ ከሦስት ቀን በኋላ ርዕሱ ተቀይሮ አገኘሁት። እኔ በሕልሜም የማላስበው ርዕስ፤ ሰው እንዲጫነው ብለው ነው። ስሜ ግን ከሥሩ አለ። ወረቀት ቢሆን ኖሮ ከታተመ አበቃ፣ ማንም አይነካውም።

መጥፋቱም የእኔ ብቻ አይደለም። በ2024 አጋማሽ የአሜሪካው የሙዚቃ ቴሌቪዥን የዜና ክፍል የነበረው የኤምቲቪ ኒውስ ማህደር ከኢንተርኔት ላይ ወረደ። ከ20 ዓመት በላይ የተጠራቀመ ጽሑፍና ቃለ ምልልስ ነበር። እዚያ የጻፉ ሰዎች ሥራቸውን ፍለጋ ወደ ዌይባክ ማሽን ሮጡ፤ የድሮ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ማለቴ ነው። የእኔን እዚያም ፈልጌ አጣሁት።

አሁን አንድ ጽሑፍ በወጣ በዚያው ቀን ፒዲኤፍ አድርጌ ሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ። ውል ሲመጣልኝም "ድረ ገጹ ቢዘጋ መብቱ ወደ እኔ ይመለስ" የሚል አንድ መስመር እንዲገባ እጠይቃለሁ። እስካሁን አንዱ እሺ ብሎኛል። ሌሎቹ "አይተን እንነግርሃለን" ብለው ቀሩ።

ኤዲተሯን ረሳኋት አይደል? በሁለተኛው ሊንክ ፈንታ ካርቶኑን ከፍቼ ከድሮ መጽሔት አንድ ጽሑፍ አወጣሁ። ገጹን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ወዲያው መለሰች።

"ደስ ይላል። ሊንክ የለውም?"