36 ቁጥር ጫማ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ። የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ከጮኸ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አልቆርጠውም።

የጫማውን ነገር ልነግራችሁ ነው። ያዋጣችሁበት ስለሆነ መስማት አለባችሁ። አይ... እሱ ብቻም አይደለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሆዴ አልወጣ ብሎኛል።

ያው ቅዳሜ ቅዳሜ የጎዳና ልጆች ቀን ቀን የሚመጡበት ማዕከል እንደምውል ታውቃላችሁ። 40 ጥንድ ይዘን ሄድን። ቁጥሩን የለካሁት እኔ ነኝ፤ የዛን ሳምንት ቀደም ብዬ ሄጄ፣ በክር፣ አንድ በአንድ፣ እግራቸውን ይዤ። በክረምት ዝናብ የከረመ እግር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጣቶቹ መሃል ነጭ ይሆናል፣ ይላላጣል። አንዳንዱ ልጅ ስይዘው ያፍራል፣ እግሩን ይሰበስባል። አንዱ ግን ዝም ብሎ ሰጠኝ። 36 ቁጥር። ስሙን አልጠራላችሁም፤ ለእኔም ሦስት ጊዜ ቀያይሮልኛል። እዛ መጀመሪያ ላይ እውነተኛ ስሙን የሚናገር ልጅ ብዙ የለም። ሠራተኞቹም አይጨቀጭቁም። ማታ በረንዳ ለበረንዳ ዞረው ሻይ ይዘው ያወሯቸዋል፣ ደጋግመው፣ እስኪለምዷቸው። ከዛ ቀን መጥቶ ይታጠባል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ይበላል። ስሙ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

እና ጫማውን አደልን። ጨፈሩ፣ ዘለሉ፣ አንዱ አውልቆ አቀፈው። ባለ 36ቱ ግን ተቀበለኝና ጠፋ። ትንሽ ቆይቼ ወደ ልብስ ማጠቢያው ስወጣ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሏል። ምላጭ ይዟል። አዲሱን ጫማ ጎኑን በምላጭ ይተለትላል። ተለተለው፣ ጭቃ ውስጥ ነከረው፣ አወጣና በድንጋይ ፈተገው። ማሰሪያውን አውልቆ ሲባጎ አስገብቶበታል። ረጋ ብሎ ነው የሚሠራው፣ አንዴ ራቅ አድርጎ ያየዋል፣ መልሶ ይፈትገዋል።

ጮኽኩበት።

«ምን እያደረግክ ነው አንተ! ይሄ እኮ የሰው ገንዘብ ነው!»

የሰው ገንዘብ። ከአፌ የወጣው እሱ ነው። ልጆቹ በሙሉ ዞሩ። እሱ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። «እትዬ፣ አዲስ ከሆነ ማታ ያወልቁብኛል» አለኝ። «ትልልቆቹ። እምቢ ካልኩ ደግሞ...» አልጨረሰውም። ትንሽ ዝም ብሎ «ለምን ሰልባጅ አላመጣችሁልንም?» አለ። እየከሰሰኝ አይደለም እኮ። ለማወቅ ነው የጠየቀኝ።

እኔ አሁን ማታ ማታ የማስበው፣ ያንኑ ቃል ዝቅ ብዬ ብናገረውስ? አጠገቡ ቁጭ ብል፣ «ምን እያደረግክ ነው?» ብለው፣ ያው ጥያቄ ነበር። ቃሉ አንድ ነው። ይነግረኝ ነበር። ምናልባት ሌላኛውን እግር አብሬው እፈትግለት ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌ እንቅልፌ ይጠፋል።

ሶሻል ወርከሯን ጠየቅኳት። «ብዙዎቹ እንደዛ ያደርጋሉ» አለችኝ፣ «ልብስም ስንሰጣቸው አቆሽሸው ነው የሚለብሱት።» «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት፣ «ገዝታችሁ ካመጣችሁ በኋላ ምን ልበልሽ?» አለች።

እውነቷን ነው። እና ይሄን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም፦ የማዕከሉ ሠራተኞች መጀመሪያ የጠየቁን የመሳፈሪያ ነበር። ልጅ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ እኮ አውቶቡስ ላይ ጭኖ መሸኘት አይደለም። መጀመሪያ ሰው ይሄዳል፣ ቤቱን ያያል፣ ለምን እንደወጣ ይጠይቃል፣ ይቀበሉታል ወይ፣ የእንጀራ አባት አለ ወይ፣ ትምህርት ቤቱስ። ከዛ ልጁን ይዘው ይሄዳሉ። ከወራት በኋላ ደግሞ ተመልሰው ያዩታል። አንድ ልጅ ብቻ፣ ወላይታ ወይም ጎጃም ድረስ ሦስት ጊዜ ምልልስ። ጫማ ይሻላል ያልኩት እኔ ነኝ። ጫማ ይታያል፣ የመሳፈሪያ ብር አይታይም። ለእናንተም ለማሳየት ይቀላል ብዬ ነው። እንደዛ ነበር ያሰብኩት።

እማዬ ይሄን ስነግራት ያው እንደ ልማዷ እዳዬ አበበች ጎበናን አነሳች። በ1972 ለንግሥ ግሸን ማርያም ሄደው፣ ረሃቡ መንገድ ላይ አጋጥሟቸው፣ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አይተው አንስተዋት ወደ ቤታቸው የመጡትን። በኋላ በልጆቹ የተነሳ ትዳራቸውንም ቤታቸውንም ነው ጥለው የወጡት። ሰኔ 2013 ያረፉ ጊዜ እማዬ ቤታችን ለቅሶ ልትቀመጥ ምንም አልቀራት። እና «እሳቸው እኮ ይዘውት ነው የገቡት» አለችኝ። ይዘውት ገቡ። እኔ ጫማ ሰጥቼው ቤቴ ገባሁ፣ እሱ በረንዳው ላይ አደረ። እንደሳቸው ሁኚ ማለቷ አይደለም፣ ማንም እንደሳቸው አይሆንም... እንጃ፣ ምን ልትለኝ እንደፈለገች አልገባኝም። ወይም ገብቶኛል።

ሁለት ቅዳሜ አልመጣም። ማታ የሚዞሩት ሠራተኞች መርካቶ ጋ አይተውታል፣ ደህና ነው ብለውኛል። ጫማ አድርጓል ወይ ብዬ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

የመሳፈሪያውን ነገር ከእናንተ ጋር እንነጋገርበታለን፣ ዛሬ አይደለም። ቅዳሜ እሄዳለሁ። ቢመጣ ይቅርታ ልበለው እያልኩ ነው። የጮኽኩት በልጆቹ ሁሉ ፊት ስለሆነ ይቅርታውም በእነሱ ፊት መሆን አለበት መሰለኝ። ደግሞ ረስቶት ከሆነስ? እንደገና ሰው ሁሉ እንዲያየው ባደርገውስ? እሱ ያን ቀን የፈለገው እኮ ማንም ዞር ብሎ እንዳያየው ነበር...

ቆዩ፣ እማዬ እየደወለች ነው።