አባትን ማክበር፣ አባትን መጠየቅ

(ምስል፦ የጎጃም አውድማ፣ በሬዎች ሲያበራዩ)

በአውድማ ላይ በሬዎች ነዶውን እየረገጡ ሲዞሩ፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ አንድ አፍ ጎርሶ ሲያልፍ ያየ የጎጃም ሰው፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 5 «የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር» የሚለውን የኦሪት ቃል ለምን እንደ ጠቀሰ አስተርጓሚ አያሻውም። በማስተማር የሚደክሙ ሽማግሌዎች፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን አባቶች፣ እጥፍ ክብር ይገባቸዋል ሲል፣ ክብሩ መስቀል መሳለም ብቻ ሳይሆን ቀለብና ደመወዝም ጭምር ነው። ይህን ማስቀደሜ፣ ሌሊት ቆሞ፣ ጠዋት ቀድሶ፣ ከቀትር በኋላ ለፍትሐት የሚጠራ፣ በማግስቱም ሞፈር የሚጨብጥ የገጠር ካህን ስላለ ነው፤ እርሱን ሳይደግፉ መጠየቅ ግፍ ነው።

ሐዋርያው ግን በዚያው ምዕራፍ ይቀጥላል። ያለ ሁለት ወይም ያለ ሦስት ምስክር በሽማግሌ ላይ ክስ እንዳይቀበል ካዘዘ በኋላ፣ ኃጢአት የሚሠሩት ሌሎቹ እንዲፈሩ በሁሉ ፊት እንዲገሠጹ፣ ይህም ያለ አድልዎ እንዲሆን ይናገራል። ምስክር መጠየቁ አባቶችን ከሐሜት ይጠብቃል፤ ምስክር ከቆመ በኋላ ግን ማዕረግ መሸሸጊያ አይሆንም።

እኛ ዘንድ የአጥቢያ ገንዘብ ጎደለ የሚለው ነገር ከቅዳሴ መልስ በመንገድ፣ በማኅበር ጠላ ላይ፣ በለቅሶ ቤት ይወራል፤ ጉባኤ ሲጠራ ግን «አባታችንን እንዴት እንናገራለን» ተብሎ ዝም ይባላል። ይህ ዝምታ አክብሮት አይደለም፤ የታማው አባት መልስ የሚሰጥበት ዕድል እንኳ አላገኘምና። በቅኔ ቤት ያደገ ተማሪ የኔታ ፊት አንገቱን ደፍቶ ምሥጢር ሲጠይቅ ማንም ደፋር አይለውም።

የመጠየቂያው ቦታ ከተሠራ ቆይቷል። ቃለ ዓዋዲ የተባለው የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ የወጣው በ1965 ዓ.ም.፣ የጎጃም ተወላጅ በነበሩት በሁለተኛው ፓትርያርክ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ነው። በደንቡ መሠረት ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት ተመርጠው የአጥቢያቸውን አገልግሎትና ንብረት ይመራሉ። ከአጥቢያው አቅም በላይ የሆነው ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያም ወደ ሀገረ ስብከት ይሄዳል፤ ወንጀል የሆነው ደግሞ በሕግ ፊት ይቀርባል።

(ምስል፦ የተከፈተ ሙዳየ ምጽዋት)

የጧፍ ሰም የነካው ብር ከሳንቲም እየተለየ፣ በጋቢ ላይ ተዘርግፎ በብዙ ዓይን ፊት ይቆጠራል፤ ልኩ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ ቆጣሪዎቹ ሁሉ ይፈርማሉ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን አስተካክለው ይነሡና «አባታችን፣ ይባርኩኝ፤ አምና ለጣሪያው ቆርቆሮ ያዋጣነው ብር ከምን ደረሰ?» ይላሉ። አስተዳዳሪው ይባርካሉ፤ መዝገቡንም ገልጠው በጉባኤው ፊት ማንበብ ይጀምራሉ።