«ከማን ወረሰችው?»
በልጅነት ስለሚጀምር ሉፐስ ለወላጆች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

አንዲት ልጅ ሉፐስ እንዳለባት ሲነገር ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚነሳው ስለ መድኃኒቱ አይደለም። «ከማን ወረሰችው?» ነው። የአባት ዘመዶች «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ይላሉ። የእናት ወገንም ያንኑ ይመልሳል። እናትየዋ ደግሞ አንገቷን ደፍታ እርግዝናዋን ታስታውሳለች፤ ምን በላሁ፣ ምን ጠጣሁ እያለች። ዛሬ የምናገረው በተለይ ለእሷ ነው።

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። ከታማሚዎቹ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑትን የሚጀምራቸው በልጅነት ወይም በአፍላነት ነው። ልጆች ላይ ይከፋል፣ ኩላሊትንም ብዙ ጊዜ ይነካል። ጉንጭና አፍንጫ ላይ እንደ ቢራቢሮ የተዘረጋ ሽፍታ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያብጥ ፊት፣ አረፋ የሚበዛበት ሽንት ካያችሁ «ያልፍላታል» ብላችሁ አትቀመጡ።

ወደ ዘሩ ልመለስ። ከሉፐስ ጋር የተያያዙ ከ100 በላይ የዘረመል ቦታዎች ታውቀዋል። አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው አደጋውን ከፍ የሚያደርጉት በጥቂቱ ነው። ከእናትም ከአባትም ትንሽ ትንሹ ይጠራቀማል። በልጅነት የሚጀምራቸው ላይ ይህ ክምችት በአማካይ ከፍ ይላል። ግን ዘር ብቻውን አይፈርድም። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ጥናት ፍጹም የሚመሳሰሉ መንትዮችን አይቷል። አንደኛቸው ሉፐስ ሲይዘው ሌላኛውንም የያዘው ከአራት ጥንዶች በአንዱ ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ በዘር የሚካሰሱት ሁለቱ ወገኖች ቢተዉት ይሻላል።

ብርቅ ቢሆንም አንድ ዘረመል ብቻውን በሽታውን የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ይህን የምንጠረጥረው ሉፐሱ ከ5 ዓመት በፊት ሲጀምር፣ ታማሚው ወንድ ልጅ ሲሆን፣ ወንድም ወይም እህት አብሮ ሲታመም ወይም ወላጆች ሲዛመዱ ነው። ሲ1ኪው የሚባል ፕሮቲን አለ፤ የሞቱ ሴሎች ፍርስራሽ እንዲጠረግ ያግዛል። ይህ ፕሮቲን ጨርሶ ከሌላቸው ሰዎች 90 በመቶ ያህሉ ሉፐስ ወይም እሱን የመሰለ በሽታ ይይዛቸዋል። ሳይጠረግ የቀረውን ፍርስራሽ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋላ!

እ.ኤ.አ. በ2011 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ባልና ሚስቱ በሚዛመዱባቸው ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ጥናትም የዲኤንኤ ፍርስራሽ የሚፈጭ ኢንዛይም ጉድለት አግኝቷል። ልጁ የሚታመመው የተበላሸውን ዘረመል ከሁለቱም ወላጆች ሲወርስ ነው። ሰባት ቤት የሚቆጥሩት አያቶቻችን ስለ ኢንዛይም አልሰሙም፤ በዚህ በኩል ግን ሥርዓታቸው ጠቅሞናል። ከተለመደው ሉፐስ ግን አያድንም፤ እንዳትሸወዱ።

ለእናቶች ልነግር የምፈልገው ታሪክ የመጣው ከስፔን ነው። አንዲት ልጅ በ7 ዓመቷ ከባድ ሉፐስ እንዳለባት ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጥናት ቲኤልአር7 በሚባለው ዘረመሏ ላይ አንዲት ለውጥ አገኘ። ያንኑ ለውጥ አይጦች ላይ ሲያስገቡት እነሱም ሉፐስ ያዛቸው። ወላጆቿ ሲመረመሩ ግን ለውጡ አንዳቸውም ላይ የለም። በእሷ የጀመረ ነው፤ ከማንም አልወረሰችውም።

ይህ ዘረመል ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴቶች ሁለት ኤክስ ስላላቸው፣ በሽታው ሴቶች ላይ ለምን እንደሚበዛ ከሚያስረዱት ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው።

«ታዲያ መመርመሩ ምን ይጠቅማል?» ትሉ ይሆናል። ለብዙዎቹ ልጆች ሕክምናውን አይቀይርም፤ ለሉፐስ የሚሰጠው መድኃኒት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ያው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው። ሲ1ኪው ለጎደለው ልጅ ግን ይቀይራል። ከለጋሾች ደም የሚገኝ ፕላዝማ የጎደለውን ፕሮቲን ይተካለታል፤ የመቅኔ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውም አሉ። ስለዚህ የጠቀስኳቸው ምልክቶች ካሉ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ከሌሉ ደህና የሆኑትን እህትና ወንድሞች እያመላለሳችሁ አታስመርምሩ።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እሰማለሁ።